አጥቢያ ኮከቧ እስክትሰወር

ጂንካ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስካል ዳርጌ፣ አሰላ

እንዴት ከርመሻል። እኔ ደህና ነኝ። በሬውም ደህና ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ድሮም ያፈስ ነበር።

ማን እንደሚጽፍልኝ ጠይቀሻል። ማንም አይጽፍልኝም። ጎረቤታችን ወርቅነህ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርነት ከወረደ ወዲህ የሰው ደብዳቤ መጻፍ ይወዳል። እስክሪብቶውን መዥረጥ ሲያደርግ «መልሰው ወደ ኪስህ» አልኩት። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም። አንድ ደብዳቤ ብዙ ማታ ይፈጅብኛል፤ ቢሆንም ፊደሉ የራሴ ነው።

ምን እንደምበላም ጠይቀሻል። እናትሽ ባዩሽ ከሞተች ወዲህ ጎደሬ መቀቀል ለምጃለሁ። አንዳንዴ ያርራል። ያረረውንም እበላዋለሁ። ጎረቤት ምግብ ያምጣልህ ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳትጽፊው። ዳርጌ ሶርሳ የሰው እጅ አያይም።

ወንድምሽ አንጁሎ ከጥር ወዲህ አልጻፈም። ከማሠልጠኛው ወደ ሰሜን ግንባር ሊወስዱን ነው ብሎ ከጻፈ በኋላ ምንም የለም። አንቺ ዘንድ የመጣ ነገር ካለ ጻፊልኝ። ለውትድርና ሲመዘገብ የቤተሰብ አድራሻ ሲሉት ያንቺን ትምህርት ቤት ነው የሰጠው፤ «አባቴ ዘንድ ፖስታ አይደርስም» ብሎ። ያኔ ተቆጥቼው ነበር። ፖስታ ይደርሰኛል።

ኮከቧን በተመለከተ ተሳስተሻል። አስተማሪ ብትሆኚም ተሳስተሻል። የማታዋ ኮከብ ኮከብ አይደለችም ስትይ ምን ማለትሽ ነው? ታዲያ ምንድን ናት፣ ፋኖስ ናት?

አንቺ አልነበርሽምና ልንገርሽ። አንጁሎ በሄደበት ዋዜማ፣ ኅዳር ላይ፣ ማሳው መካከል ያለው ማማ ላይ አብረን ነበርን። ማሽላው እሸት ነበር፤ ዝንጀሮ እንጠብቃለን። ፀሐይ ስትገባ እሷ በምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ ታየች። «አባ፣ ይቺን እዚያም አያታለሁ፤ አንተም እዚህ እያት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ማታ አላጎደልኩም። ደመና ሲሆንም ያለችበትን አቅጣጫ አያለሁ። እንግዲህ ፋኖስም ሆነች ሌላ፣ ምን እንደሆነች በደንብ ጽፈሽ ላኪልኝ።

አባትሽ ዳርጌ


አሰላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

የምወድህ አባዬ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል። ሰሞኑን አላስተማርኩም፤ እንዳታስብ።

ስለ ኮከቧ ለጠየቅኸኝ እንደ ተማሪዎቼ አድርጌ ልንገርህ።

ኮከብ የሚባለው የራሱ እሳት ያለው ነው። ፀሐይም ኮከብ ናት፤ ቅርብ ስለሆነች ነው ትልቅ የምትመስለን። ፈለክ ደግሞ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከፀሐይ ተቀብሎ ነው የሚያበራው። የማታዋ ኮከብ ፈለክ ናት፤ በመጽሐፍ ቬነስ ትባላለች። እኛ ያለንባት መሬትም ፈለክ ናት።

ፈለክ በፀሐይ ዙሪያ የሚሄድበት መንገድ ምህዋር ይባላል። ፍየል በችካል ስታስር ታውቃለህ፤ ገመዷ እስከሚፈቅድላት ድረስ ችካሉን ትዞራለች። ከሩቅ ቆመህ ስታያት አንዴ ከችካሉ በስተግራ፣ አንዴ በስተቀኝ ትሆናለች። ሁለት ፍየል ግን አይደለችም። ቬነስም እንደዚያ ናት፤ ከፀሐይ በአንዱ ወገን ስትሆን ማታ ትታያለች፣ በሌላው ወገን ስትሆን ንጋት ላይ። የማታዋ ኮከብና አጥቢያ ኮከብ የምንላቸው አንድ ናቸው።

አባዬ፣ በቅርቡ ከማታው ሰማይ ትጠፋለች። በእኛና በፀሐይ መካከል ስለምትገባ ነው። ስትጠፋ እንዳትደነግጥ። ብዙ ሳትቆይ በሌላው በኩል፣ በንጋት ትወጣለች። ይህ የሰማይ ሥራ ብቻ ነው፤ ለማንም ምልክት አይደለም፤ ለክፉም ለደግም።

ለጋሽ ወርቅነህ ጽፌለታለሁ። ስለ ጣሪያው ነው። ሲመጣ ተቀበለው፤ አትቆጣው። እባክህ ብቻህን ብዙ አትቀመጥ።

ልጅህ አስካል


ጂንካ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ አስካል፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያመጣው አውሮፕላን ከማረፊያው ሜዳ ላይ ላሞቹን እስኪያባርሩለት ድረስ ከተማውን ሲዞር ነበር። ወርቅነህን «ያ ምህዋር ይባላል» አልኩት። «እሱ ነዳጅ መጨረስ ይባላል» አለኝ። መሃይም ነው።

ፍየሏ ገብታኛለች። ተሸነፍኩ ግን አልልም። አባቴ የማታዋን አንድ፣ የንጋቷን ሌላ አድርጎ ነው የኖረው፤ እኔም እንደዚያው። እንዳልሽው ግንቦት ሲያልቅ ጠፋች። አስቀድመሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ነግረሽኝም ያን ሰሞን እህል አልወረደልኝም። ሰኔ አጋማሽ ላይ ማማው ላይ አድሬ ጎህ ሲቀድ ብድግ ብል በምሥራቅ፣ ከተራራው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ያቺው ናት። ብርሃኗን አውቀዋለሁ። ብቻዬን ሳቅሁ። ዝንጀሮዎቹ በቆሎዬን እየበሉ ነበር፤ አልተነሣሁባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሳይነጋ ከቤት እወጣለሁ። ማማው ላይ ሆኜ እሷን አያለሁ። አንጁሎም መቼም ፍየሏን ሰው ነግሮት ይሆናል፤ እሱም በንጋት ያያታል።

አሁን ስለ ጣሪያው። ስለ ጣሪያ የጻፍሽለት ወርቅነህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጨለማ ሳይገፈፍ ቤቴ መጣ። እኔ ማማው ላይ ነኝ፤ ከላይ ሆኜ ሦስት ነጭ ነገር ደጄ ላይ ቆሞ አያለሁ። ቢያንኳኩ ሰው የለም። በማግስቱም መጡ። ሰው የለም። አስካል፣ ጣሪያ በጨለማ አይታይም። ጣሪያ ለማየት ጋቢ አይለበስም።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንቺም ታውቂያለሽ። በገዛ ቤቱ፣ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዙት ሰዎች ባሉበት፣ ገና ሥራ ሳይወጣ ነው። ሜዳ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ከፍ ብሎ ማማ ላይ ለወጣ ሰውማ ጭራሽ አይነገርም፤ ቢወድቅስ? በደብዳቤም አይጻፍም።

እነሱ ምን ይዘው እንደመጡ አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። አንቺንም ስለ ወንድምሽ የሰማሽው ካለ ጻፊ ብዬሽ ነበር፤ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሰማይ ጽፈሽ ስለ እሱ አንድ መስመር የለሽም። እሺ። እንዳልጠየቅሁሽ ቁጠሪው። ስለ ሰማይ ብቻ ጻፊ።

ትናንት ማታ አንድ ኮከብ ተወርውሮ በኦሞ በኩል ወደቀ። ሰዎቹ ሰው ሲሞት ነው ይላሉ። እውነት ነው? ደግሞ ሌሎቹ፣ ትንንሾቹ ኮከቦች ምን ያህል ይርቃሉ? ከጂንካ አሰላ ይበልጣል?

አባትሽ ዳርጌ


አሰላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ቆየ። ለክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወጥቼ ነበር። አንተን የሚያካክሉ ሽማግሌዎች ሀሁ ሳስቆጥር ነው የከረምኩት። አንዱ እስክሪብቶውን እንደ ጦር ይዞ ወረቀቱን ይወጋዋል፤ አንተን አስታወሰኝ።

ተወርዋሪ ኮከብ ኮከብ አይደለም። በሰማይ ባዶ ውስጥ የሚሄድ ጠጠር ነው፤ ወደ አየራችን ሲገባ ይቃጠላል፤ እሱን ነው የምናየው። አብዛኛው መሬት ሳይደርስ አመድ ይሆናል። በማንም ሞት አይወድቅም። አንተ ያየኸውም የማንም አይደለም። በእሱ ምክንያት አታልቅስ።

ስለ ርቀቱ፦ የኮከቦቹ ርቀት በኪሎ ሜትር ቢቆጠር ቁጥሩ ወረቀቱን ይሞላዋል። ስለዚህ በብርሃን ዓመት ነው የሚለካው። ዓመት ስለተባለ ጊዜ እንዳይመስልህ፤ መንገድ ነው። ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሄደው መንገድ የብርሃን ዓመት ይባላል። ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም፤ እንደዚያም ሆኖ ከአንዳንዱ ኮከብ እኛ ዘንድ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል። ዛሬ ማታ የምታየው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው አንተ ሳትወለድ ሊሆን ይችላል። ኮከቡ ዛሬ ይኑር አይኑር ብርሃኑ አይነግረንም።

ይህን የመጨረሻውን ከጻፍኩት በኋላ ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ወረቀቱ ግን የቀረኝ አንድ ነው።

አባዬ፣ መምጣት እፈልጋለሁ። መንገዱ በዝናብ ተቆርጧል ይላሉ፤ መስከረም ደግሞ ትምህርት ይጀመራል። የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ፣ በየካቲቱ እረፍት እመጣለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ንጋት ብቻ፣ ቤት ሁን። ስለ ሌላ አልጠይቅህም።

ልጅህ አስካል


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.

ልጄ አስካል፣

አልሆንም። ንጋት ላይ ቤት አልሆንም። ደጋግመሽ ጽፈሻል፤ እኔም ደጋግሜ እመልሳለሁ።

ባለፈው ሰሞን ወርቅነህ ታክቶት ብቻውን ማማው ሥር መጣ። የተባባልነውን ልጻፍልሽ፤ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግርሽ።

«ዳርጌ፣ ውረድ!»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«የምን ሥራ? ዘንድሮ ማሽላ አልዘራህ! ባዶ ማሳ ነው የምትጠብቀው!»

«ኮከብ ነው የምጠብቀው።»

«ኮከቡን ዝንጀሮ ይበላዋል?»

«አንተ ካለህ ምን ይታወቃል!»

አልሳቀም። ወርቅነህን ታውቂዋለሽ፤ በገዛ እናቱ ለቅሶ ላይ እንኳ የሚያስቅ ሰው ነው። ማማው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ አለ። ፀሐይ ወጣች፤ ኮከቧ ጠፋች፤ እሱ ቁጭ ብሏል። ሲቆይ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔም እኮ ክርስትና አባቱ ነኝ» አለና ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልመጣም። እኔም አልጠራሁትም። ጎደሬው ያለማቋረጥ ያርራል።

ማሽላ ያልዘራሁት ዘሩ ጠፍቶ አይደለም። ከኋላዬ ሆኖ ዘሩን አፈር የሚያለብስልኝ ስለሌለ ነው፤ አንጁሎ ሲመጣ እንዘራለን ብዬ ነው። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

ሌላም አለ። ከፖስታ ቤት አስጠሩኝ። የአንጁሎ ደብዳቤ መጣ! ፖስታው ጥግ ጥጉ ተበልቷል፤ በስንት ከተማ ዞሮ፣ የስንቱን ማኅተም ጠጥቶ እንደመጣ እንጃ። የእጁ ጽሑፍ ነው፤ «አባ» ሲል «አ»ን የሚያስረዝማት እሱ ነው። ደህና ነኝ ይላል። ብርዱ አጥንት ይበሳል ይላል። ማማው እንዳይፈርስ፣ የምሥራቁ እግር ምስጥ በልቶታል፣ ቀይርልኝ ይላል። ኮከቧ እዚህ ከምሽጋችን በላይ ናት፣ ጓደኞቼ ሚስትህ ናት እያሉ ይቀልዱብኛል ይላል።

በከተማው መሃል ደብዳቤውን ከፍ አድርጌ ይዤ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። «ልጄ ጻፈልኝ!» አልኩ። አንድም ሰው እሰየው አላለኝም። ተዋበች፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጅ፣ ከሱቋ ወጥታ እጄን ይዛ «ቀኑን አይተውታል፣ አባባ?» አለችኝ።

ቤት ገብቼ አየሁት። መጋቢት 2 ቀን 1980 ይላል።

አስካል፣ ስለ ብርሃን ዓመት የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። መልሼ አስቀመጥኩት። ስለ እሱ ማስረጃ እንዳትልኪልኝ። ምንም እንዳትጽፊ። በነሐሴው ደብዳቤሽ ስለ ተወርዋሪው «በእሱ ምክንያት አታልቅስ» ብለሽ ነበር። በሌላ ምክንያት አታልቅስ ግን አላልሽም። አንባቢ ነኝ እኮ።

የማማውን የምሥራቅ እግር ቀይሬዋለሁ።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮከቧ በንጋት እስከ መቼ ትቆያለች? ሁልጊዜ ትኖራለች ካልሽኝ ይበቃኛል።

አባትሽ ዳርጌ


አሰላ፣ ጥር 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

አባዬ፣

ሁልጊዜ አትኖርም።

ብዙ ቀን ወረቀቱን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ ትኖራለች ብዬ ብጽፍልህ ታምነኝ ነበር፤ እየወጣህ ትቀመጥ ነበር። ነገር ግን እስከ ዛሬ ስለ ሰማይ የነገርኩህ አንድም ሐሰት የለበትም። ዝም ያልኩበት አለ፤ የዋሸሁት ግን ያ ጣሪያው ብቻ ነው።

ልብ ብለህ ካየኻት ከቀን ወደ ቀን ወደ አድማሱ ዝቅ እያለች ነው። አድማስ ማለት ሰማይና መሬት የሚጋጠሙበት የሚመስለን መስመር ነው። የካቲት ላይ በንጋቱ ብርሃን ውስጥ ትሰወራለች። አሁን ከፀሐይ በስተኋላ ነው የምታልፈው፤ ስለዚህ እንደ ሰኔው ቶሎ አትመለስም፤ ትቆያለች። ግንቦት ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ በምዕራብ ታያታለህ። እንደ ድሮው።

እኔ እረፍቱ እንደጀመረ እነሣለሁ። ጋሽ ወርቅነህ አርባ ምንጭ ድረስ መጥቶ ይቀበለኛል። እሱ አልተቀየመህም፤ ጽፎልኛል። ደብዳቤው ከአንተ ደብዳቤ ይልቅ የፊደል ስሕተት ይበዛበታል።

አባዬ፣ ደክሞሃል። እኔም ደክሞኛል። ይህን ነገር ብቻዬን ይዤው ከረምኩ።

ልጅህ አስካል


ጂንካ፣ ጥር 29 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስካል

ይህ ሳትነሺ እንዲደርስሽ ብዬ ለአውሮፕላኑ ሰው በእጄ ሰጠሁት።

ዛሬ ንጋት አየኋት። ከተራራው ብዙም ሳትርቅ፣ እንደሚጠፋ ፍም ሆና። ወዲያው ሰማዩ ነጣና የለችም። ነገም ልታይ ትችላለች፤ ዓይኔ ግን ከዚህ በላይ አይፈልጋትም። እንዳልሽው ሆነ። አንድም ቀን አልተሳሳትሽም። ኮከብ አይደለችም ስትይም አልተሳሳትሽም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ተሳስተሻል ያልኩሽን ሰርዢው፤ ይህን ከዚህ በፊት ለማንም ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ ወረድኩ። ማማውን በገዛ እጄ አፈረስኩት። የምሥራቁ እግር አዲስ ነበር፤ ስነቅለው አስቸገረኝ። እንጨቱን ፈልጬ ከደጄ ጎን ከምሬዋለሁ። ሰው ሲበዛ እሳት ያስፈልጋል፤ የአንጁሎ ሰዎች በዳርጌ ቤት ብርድ አይመታቸውም። ቤቱን ጠርጌ አጎዛ አንጥፌአለሁ። ወርቅነህ በእኔ ግራ ይቀመጥ። ቀኜን ላንቺ ትቼዋለሁ። ለወራት ደጅ ያስቆምኩት ሰው ነው፤ ጋቢውን አጥቦ ይምጣ፤ አልቆጣውም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ለምኜ አላውቅም፤ ስለዚህ ስሚኝ። በአማርኛ እንዳትነግሩኝ። ፈለክን፣ ምህዋርን፣ የብርሃን ዓመትን በአማርኛ ተማርኩ፤ ደስ ብሎኝ ተማርኩ። ይሄን ግን በአሪኛ ንገሪኝ፤ እናትሽ እሱን እሹሩሩ ባለችበት አፍ። አንቺው ንገሪኝ፤ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ።

ግንቦት ላይ ስትመለስ ማታ ማታ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ አያታለሁ። አንቺም ከአሰላ እያት። እሱ ያያት የነበረውን ያህል እኔና አንቺ እንካፈለዋለን።

መንገድ ላይ ተጠንቀቂ። ለወርቅነህም ንገሪው፤ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ።

አባትሽ ዳርጌ ሶርሳ